የዌልስ ድርሻ በመዳብና በከሰል ይለካ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ብሪታንያ ግዛት መስፋፋት ሲጻፍ ዌልስ ከተነሣች ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይነገርላታል። አንደኛው፣ ራሷ በእንግሊዝ ቀድማ የተያዘች አገር መሆኗ ነው። ሁለተኛው፣ በ1879 በደቡብ አፍሪካ፣ በሮርክስ ድሪፍት የዙሉን ጦር የመከቱት ዌልሳውያን ነበሩ የሚለው ነው። የመጀመሪያው እውነት ቢሆንም ከተጠያቂነት አያወጣትም፤ ሁለተኛው ደግሞ በአብዛኛው ስሕተት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮርክስ ድሪፍትን የጠበቀው የ24ኛው እግረኛ ሬጅመንት ያን ጊዜ የሚጠራው በእንግሊዙ የዎሪክሻየር አውራጃ ስም ነበር። ሠፈሩ ከ1873 ጀምሮ ዌልስ ውስጥ ብሬከን ስለሆነ ከአካባቢው የተመለመሉ ሰዎች ነበሩበት፤ አብዛኞቹ ግን ዌልሳውያን አልነበሩም። ሳውዝ ዌልስ ቦርደረርስ የሚለው ስም የመጣው ውጊያው ካለፈ በኋላ፣ በ1881 ነው። ዌልስ በግዛቱ ውስጥ የነበራትን ድርሻ ማየት የሚፈልግ ሰው ከጦር ሜዳው ይልቅ ማቅለጫውንና ወደቡን ቢመረምር ይሻለዋል።

መጀመሪያ መዳብ። ከእንጨት የተሠራ መርከብ በሞቃት ባሕር ላይ ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው እንጨቱን ከውስጥ የሚቦረቡር የባሕር ትል ነው፤ ሌላው ከታች ተለጥፎ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ዛጎልና አረም ነው። በ1761 የብሪታንያ ባሕር ኃይል አላርም የተባለችውን መርከብ ሆድ በስስ የመዳብ ሉህ አልብሶ ሞከረ። ትሉም አረሙም ተገቱ፤ ነገር ግን ሉሁ የተመታባቸው የብረት ምስማሮች ተበልተው ተገኙ። መዳብና ብረት በጨው ውኃ ውስጥ ሲነካኩ ብረቱ ነውና የሚያልቀው። በአንዳንድ ቦታ ሉሁ የተጠቀለለበት ወረቀት ሳይላጥ ቀርቶ ሁለቱን ስለለያቸው እዚያ ያለው ብረት ደኅና ነበር። በ1779 ባሕር ኃይሉ መርከቦቹን በሙሉ ለማልበስ ሲወስን ይኸው ችግር ገዘፈ፤ የመርከቡን አካል አያይዞ የያዘው ትልቁ የብረት ችንካር ከውስጥ እየተበላ መርከብ በጉዞ ላይ ሊበታተን ይችላልና። በ1780ዎቹ መፍትሔ የሆነው ሳይሞቅ እየተሳበ የጠነከረ የመዳብ ችንካር ነው። በዚህ ንግድ ከከበሩት ዋነኛው ቶማስ ዊልያምስ የተባለ የአንግልሲ ደሴት ጠበቃ ነበር። በ1768 ትልቅ የመዳብ ክምችት የተገኘበትን የፓሪስ ተራራ ማዕድን ከነማቅለጫዎቹ ይቆጣጠር ነበር።

የዊልያምስ ገበያ ባሕር ኃይሉ ብቻ አልነበረም። ሆሊዌል አጠገብ ያሉት ፋብሪካዎቹ በምዕራብ አፍሪካ የባሪያ ንግድ ዳርቻ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለውን የእጅ አምባር የሚመስል ማኒላ፣ የመዳብ ዘንግና ድስት ያመርቱ ነበር። በ1788 ፓርላማው የባሪያ መርከቦችን ለመገደብ ሕግ ሲያረቅ ዊልያምስ ተቃውሞ አቤቱታ አስገባ። ለአፍሪካ ንግድ የሚሆን ዕቃ ለማምረት እሱና ሸሪኮቹ 70,000 ፓውንድ አፍስሰናል ብሎ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ባለቤቱ ራሱ በጽሑፍ የሰጠው ቃል ነው።

የደቡብ ዌልሷ ወደብ ስዋንዚ ደግሞ የማቅለጡ መናኸሪያ ሆነች። አንድ ቶን የመዳብ አፈር ለማቅለጥ ከዚያ የሚበልጥ ከሰል ይፈጅ ስለነበር ከሰሉን ወደ ማዕድኑ ከመውሰድ ማዕድኑን ወደ ከሰሉ ማምጣት ይረክሳል። አፈሩ ድኙ እንዲወጣ በተደጋጋሚ ይጠበሳል፣ ይቀልጣል፣ ዝቃጩ ይገፈፋል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ድኝና አርሴኒክ የታችኛውን ሸለቆ ተክል ጨርሶ አጠፋው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ብዙው አፈር የሚመጣው ከኩባ፣ ከኤል ኮብሬ ነበር። እዚያ የሚቆፍሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው፤ ይህም ብሪታንያ በራሷ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን በሕግ ከሻረች በኋላ ነው። በ1865 ሄክላ የተባለች መርከብ ከዚያው አፈር ጋር ቢጫ ወባን ስዋንዚ አደረሰችና 15 ሰው ሞተ።

ስለ ስኳሩ ገንዘብ በአጭሩ ልለፍ። የፔንሪን ባለርስት ሪቻርድ ፔናንት በጃማይካ የሸንኮራ እርሻው ትርፍ በሰሜን ዌልስ የጣሪያ ድንጋይ ካባውን፣ መንገዱንና ወደቡን አስፋፋ። ባርነት ሲሻር ወራሹ ጆርጅ ሄይ ዶኪንስ ፔናንት በባርነት ይዟቸው ለነበሩ 764 ሰዎች 14,683 ፓውንድ ካሳ ከመንግሥት ተቀበለ። ካሳው የተከፈለው ለባለቤቱ እንጂ ለ764ቱ አይደለም። ዛሬ ቱሪስት የሚጎበኘው የፔንሪን ግንብ የተሠራው በዚያው ዘመን ነው።

እኛን በቅርብ የሚነካው ግን ከሰሉ ነው። በ1830 ሂው ሊንድሴይ የተባለችው የእንፋሎት መርከብ ከቦምቤይ ወደ ስዊዝ ስትጓዝ የተሠራችው የአምስት ቀን ተኩል ያህል ከሰል እንድትይዝ ነበር፤ ኤደን ለመድረስ ግን 11 ቀን ፈጀባት። መኝታ ክፍሎቿ ሳይቀሩ ከሰል ተሞልተው እንኳ ኤደን ስትደርስ የቀራት የጥቂት ሰዓት ማገዶ ነበር። ስዊዝ ላይ የሚጠብቃት ከሰል ከዓባይ ወንዝ በግመል የተጫነ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። ሕንድን ይገዛ የነበረው የብሪታንያ የንግድ ድርጅት፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ በጥር 1839 ኤደንን በኃይል ሲይዝ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የከሰል ማከማቻ ፍለጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየወደቡ ተመራጭ እየሆነ የመጣው ከደቡብ ዌልስ፣ ከአበርዴርና ከሮንዳ ሸለቆዎች የሚወጣው የእንፋሎት ከሰል ነው። የሚተን ነገሩ ጥቂት ስለሆነ ጭሱ ያንሳል፣ አመዱም እንዲሁ፤ የጦር መርከብ ጭስ ደግሞ መርከቡ ራሱ ሳይታይ ከሩቅ ያጋልጣል። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሌሎች ጋር አወዳድሮ ለዌልሱ ቅድሚያ ሰጠው። ጉድለቱ በቀላሉ መሰባበሩ ነው። ሙሉ ፉርጎ ከፍ ተደርጎ ወደ መርከቡ ሆድ ሲገለበጥ ይደቅቃል፤ የደቀቀው በምድጃው ፍርግርግ መካከል ሳይነድ ይወድቃል፣ የአየሩንም መተላለፊያ ይደፍናል። ስለዚህ ደቃቁ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ወደቦቹም የሚወድቅበትን ከፍታ የሚቀንስ መሣሪያ ለማበጀት ብዙ ደከሙ። በ1913 የደቡብ ዌልስ ምርት 57 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደርሶ ነበር፤ ካርዲፍና ባሪ ብቻ እያንዳንዳቸው ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ በባሕር ልከዋል።

ከመቅደላ ጋር የሚያያዝም አንድ ሰው አለ። በ1868 የናፒየርን ጦር ተከትሎ ለኒውዮርክ ሄራልድ የዘገበው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ራሱን አሜሪካዊ ቢልም ደንቢ በተባለች የዌልስ ከተማ ጆን ሮውላንድስ ተብሎ የተወለደ፣ በሴንት አሳፍ የድሆች ማደሪያ ያደገ ነው። ለስዊዝ የቴሌግራፍ ኃላፊ አስቀድሞ ጉቦ ስለሰጠ የመቅደላ መውደቅ ዜናው ከመንግሥቱ መልእክት በፊት ለንደን ገባ። በኋላ ኮንጎን ለቤልጂጉ ንጉሥ ለዳግማዊ ሊዮፖልድ ያመቻቸው ይኸው ሰው ነው። ድሃ አደግ መሆኑን እንደ ማቃለያ የሚያቀርቡለት አሉ፤ እኔ አልቀበለውም።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት ግን አይቻልም። በ1841 ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የካሲ ኮረብታዎች የሄደው የዌልስ ሚስዮናዊ ቶማስ ጆንስ ቋንቋውን በላቲን ፊደል ጻፈው። የካሲ ፊደል ተራ ዛሬም ከዌልሱ የወሰደው ነገር ይታይበታል። ጆንስ በዚያ የሚነግድ አንድ እንግሊዛዊ ሕዝቡን ይበዘብዛል ብሎ ሲታገል ከቤቱ ተሳደደ፣ በ1849 ካልካታ ውስጥ ሞተ። የሄደበትን መንገድ የከፈተው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያው ጦር መሆኑም መረሳት የለበትም።

በእነዚያ የከሰል መርከቦች ምድጃ ላይ አካፋ ይዘው የቆሙት ብዙዎቹ ከኤደንና ከበርበራ የተቀጠሩ የመናውያንና ሶማሌዎች ነበሩ፤ ከፊሎቹም ካርዲፍ ውስጥ ቡትታውን በሚባለው ሠፈር ቀሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያን መርከቦች አንቀሳቅሰው፣ በሰኔ 1919 ሥራ ሲጠፋ ነጭ ሁከተኞች ቤታቸውን ሰብረው ገቡ፤ በከተማው ሦስት ሰው ሞተ። በ1925 የወጣው ደንብ ደግሞ የብሪታንያ ዜግነቱን በወረቀት ማስረዳት ያልቻለ ጥቁር መርከበኛ ሁሉ እንደ ባዕድ ፖሊስ ጣቢያ እንዲመዘገብ አስገደደ። የካርዲፍ ፖሊስ ከኤደን የመጡ የብሪታንያ ተገዢዎችን ሳይቀር በዚሁ መዝገብ ከተተ፤ በሶማሌላንድ የተወለደው መርከበኛ ደግሞ በሕጉ ከለላ የተሰጠው ሰው እንጂ ተገዢ ስላልነበረ መከራከሪያው ከዚያም ያነሰ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ