የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከሮም ውድቀት በኋላ ግብሩን ማን ሰበሰበ?

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የመከረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ምዕራባዊው የሮም መንግሥት ከፈረሰ በኋላ አውሮፓ በማን፣ በምን ሀብትና በምን ሕግ ትተዳደር እንደነበር ነው። በዘገባው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ያስጀመረው በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያነሣው ጥያቄ ነበር፦ «ሮም በ476 ወደቀች ካልን፣ በ477 ግብሩን ማን ሰበሰበ?» መልሱን ስንፈልግ የጦር አለቃው ኦዶአከር ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ሮሙሉስ አውግስጦሉስን ከዙፋን ቢያወርድም የሮም ሴኔት መሰብሰቡን እንዳላቋረጠ፣ የንግሥናው አልባሳትና ምልክቶችም ቁስጥንጥንያ ወደነበረው ወደ ምሥራቁ የሮም ንጉሠ ነገሥት ወደ ዜኖ እንደተላኩ ተረዳን። ከ493 እስከ 526 ጣሊያንን የገዛው የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክም ጦሩን በወገኖቹ በጎቶች እጅ አድርጎ የጽሕፈቱንና የግብሩን ሥራ ለሮማውያን ሹማምንት ትቶ ነበር። «ውድቀት» ሲባል እንደ ቤት መደርመስ አድርገው ያሰቡት አባላት ይህን ለመቀበል ጥቂት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ዛሬ ፈረንሳይ በሚባለው አገር የሰፈሩት የፍራንኮች ሕግ ነው፤ በንጉሣቸው በክሎቪስ ዘመን እንደተጠናቀረ ይታሰባል። አባላቱ ችሎት አቋቁመው ክርክር ሲያካሂዱ፣ ዳኛ የሆነው ልጅ ነፍሰ ገዳዩን ደጋግሞ «ዕድሜ ልክ እስራት» እያለ ስለፈረደበት ክርክሩን ሁለት ጊዜ ማስቆም ግድ ሆኖብኛል፤ በዚያ ሕግ ዋናው ፍርድ ካሳ ነበርና፣ ካሳውም ለሟች ወገን የሚከፈል ሆኖ ከፊሉ ለንጉሡ ይገባ ነበር። ነፃ ፍራንክ ለገደለ 200 ሶሊዲ (የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ)፣ ባለ መሬት ሮማዊ ለገደለ 100፣ የንጉሥ ባለሟል ለገደለ 600 ተቆርጦ ተቀምጧል። ልጅ መውለድ የጀመረች ነፃ ሴት 600፣ መውለድ ያቆመች ግን 200 መተመኗን ያስተዋሉት ሴት አባላት ያነሡት ክርክር እስከ ሁለተኛው ሳምንት ዘልቋል። በቤታቸው ስለ ደም ካሳና ስለ ሽማግሌዎች ዕርቅ የሰሙ ልጆች ነገሩን ከእኔ ቀድመው መረዳታቸውን መደበቅ አልችልም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ኋለኛው የፍራንኮች ንጉሥ ወደ ሻርለማኝ ተሻገርን። በ800 የልደት ዕለት ሮም ውስጥ በሊቀ ጳጳሱ በሊዮ ሦስተኛ እጅ ዘውድ ቢጭንም ለሹማምንቱ የሚከፍለው መደበኛ ደመወዝ አልነበረውም፤ ስለዚህ አንድ ጳጳስና አንድ ባላባት አጣምሮ እየላከ አገረ ገዢዎቹን ያስመረምር ነበር፤ የአገልግሎታቸውም ዋጋ በአብዛኛው መሬት ነበር። የልጅ ልጆቹ በ843 በቬርደን ስምምነት ግዛቱን ለሦስት ከተካፈሉ በኋላ ሥልጣን ከማእከል እየራቀ ሄዶ፣ በ877 ከልጅ ልጆቹ አንዱ የሆነው መላጣው ሻርል ወደ ጣሊያን ሲዘምት የሹማምንቱ ልጆች የአባታቸውን ሹመት እንዲይዙ ፈቀደ። «ታዲያ ይህ ጉልት አይደለም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ንጽጽሩን የተቀበልሁት በጥንቃቄ ነው፤ ጉልተኛው የሚይዘው ግብር የመሰብሰብ መብት ሲሆን ርስቱ የገበሬው ሆኖ ይቆይ ነበርና።

ስለ ገበሬዎቹ ያጠናነው በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፓሪስ አጠገብ የነበረው የሳን ዠርማን ዴ ፕሬ ገዳም አበምኔት ኢርሚኖን ካስጻፈው መዝገብ ነው። መዝገቡ ጭሰኛውን ከነሚስቱና ከነልጆቹ በስም ይጠራል፤ የሚያርሰውን መሬት፣ የሚያገለግለውን ቀን፣ የሚያገባውን ዶሮና እንቁላል ሳይቀር ይቆጥራል። አባላቱ ይህን ተከትለው የአንድ መንደር ሰፊ ሥዕል ሠርተው በመስኮት አጠገብ ቢሰቅሉትም ከወላጆች ቀን በፊት በጣለው ዝናብ የገበሬዎቹ ማሳ በሙሉ ታጥቦ የቀሩት ቤተ ክርስቲያኑና የጌታው ወፍጮ ብቻ ሆኑ። ሥዕሉን እንዳለ አሳየነው፤ ከወላጆች አንዱ ሆን ተብሎ የተሠራ መስሏቸው አድንቀዋል።

የእንግሊዝ ባላባቶች በ1215 ንጉሥ ዮሐንስን በማኅተሙ እንዲያጸድቀው ስላስገደዱት ቻርተር (የመብት ሰነድ) ልናደርገው የነበረው ውይይት በፈተና ምክንያት ስለቀረ፣ ክበቡ በመስከረም ሥራውን የሚጀምረው ከዚያው ነው።