ፋይሉ ቤቱ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን አልነበረም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ሊኑክስ ለሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ተጠቃሚዎች ያወጣችሁት ምክር እንዲታረም ነው የምጽፈው። ፕሮግራም «ሼርድ ላይብረሪ አጣሁ» (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበትን ፋይል ማለት ነው) ሲል፣ ላይብረሪው ያለበትን ፎልደር የምትናገረውን ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የምትባል መስመር ባሽ አርሲ የሚባል ፋይል ውስጥ ጻፉ፣ አልሆን ካለ ፎርማት አስደርጉ ብላችኋል። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ጊዜዬን፣ ሁለተኛው 800 ብሬን በላብኝ።

የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ባለች ሱቅ ፎቶ ኮፒና ስካን እሠራለሁ። የእድራችን ጸሐፊም ነኝ። ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ቢያስመርረኝ የእህቴ ልጅ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነልኝ፤ በዚያ ተመስገን ነው።

ጣጣው የመጣው ያገለገለ ስካነር ስገዛ ነው። የስካነሩ ፕሮግራም ኦፕት በሚባለው ፎልደር ውስጥ የራሱን ክፍል ከፍቶ ላይብረሪዎቹን እዚያ ደረደረ። በአይከኑ ስከፍተው ዝም። በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት ሲከፈት ግን «ሼርድ ኦብጀክት (ያው ላይብረሪው) ፋይሉን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። የእህቴ ልጅ እናንተ ያላችኋትን መስመር ጻፈ፣ በተርሚናል አስነሳው፣ ሠራ፤ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ ደንበኛ መታወቂያውን ይዞ ቆሞ አይከኑን ብነካው፣ አሁንም ዝም። ለካ ባሽ አርሲን የሚያነበው ተርሚናሉ ነው፤ አይከኑን የሚያስነሳው ዴስክቶፕ አያነበውም።

ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። «ሲስተሙ ሞቷል» ብሎ ፎርማት አደረገው። የእድሩ የሦስት ዓመት መዋጮ አብሮ ሄደ፤ ደግነቱ የድሮ ሰው ስለሆንኩ በወረቀት መዝገብም እይዛለሁ። ስካነሩን መልሰን ስንጭነው ያው መልእክት ብቅ አለ! ሞተ የተባለው ሲስተም ተቀብሮ በአዲስ ሲተካ ሕመሙ እንዳለ ቀረ ማለት ነው።

ያዳነችኝ ቂሊንጦ ካለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም የመጣች ተማሪ ናት። ኤልዲዲ የሚል ትእዛዝ ጻፈች፤ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ተዘረዘሩ፤ ከአንዱ አጠገብ «አልተገኘም» የሚል ወጣ። «ጋሼ፣ ፋይሉማ አለ፤ ያለበትን ቦታ ነው ማንም ያልነገረው» አለችኝ። ሊኑክስ ፕሮግራም ባስነሳ ቁጥር ዲስኩን ሁሉ እየዞረ ላይብረሪ አይፈልግም። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኤልዲ ዶት ኤስኦ ዶት ካሽ የሚባል መዝገብ አለው፤ ሌላ ቦታ ካልተነገረው እሱን ያያል፣ ካጣ ሊብ እና ዩኤስአር ሊብ የተባሉትን የተለመዱ ቦታዎች ያያል፣ ከዚያ በቃ።

ይህ ለእድር ጸሐፊ ማስረዳት የማያስፈልገው ነገር ነው። ሰው ብሎክ 40 ገብቶ ዓመት ቢኖር፣ መዝገቤ ላይ ካልሰፈረ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን አይሄድለትም። የእናንተ ምክር ለአንድ ተላላኪ በቃል እንደመንገር ነው፤ ሌላው ተላላኪ አልሰማም።

ልጅቷ ኤልዲ ዶት ኤስኦ ዶት ኮንፍ ዶት ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል ፈጠረች፤ የስካነሩ ላይብረሪዎች ያሉበትን አድራሻ በአንድ መስመር ጻፈችባት። ከዚያ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ኤልዲ ኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች። መዝገቡ እንደገና የሚጻፈው በዚህ ነው። አይከኑን ነካሁ፤ ስካነሩ አጓራ።

የሱቄን ሁለተኛ ኮምፒውተር ራሴ ላስተካክል ብዬ ግማሽ ቀን ደከምኩ። ፋይሏን «ስካነር» ብዬ ብቻ ሰይሜያት ነበር። ስሟ በዶት ኮንፍ ካላለቀ ኤልዲ ኮንፊግ አያያትም! ይህችን ነገር እባካችሁ በጉልህ ጻፉልን። መግባቷን ለማየትም ኤልዲ ኮንፊግ ብሎ ሰረዝና ፒ መጨመር ነው፤ መዝገቡን ያነብላችኋል።

እናንተ ያተማችኋት መስመር ሌላም ነገር አለባት። መጨረሻዋ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጋ የቀድሞውን አድራሻ ትቀጥላለች። ቀድሞ ምንም ያልተጻፈ ከሆነ ከሁለት ነጥቡ ወዲያ ባዶ ይቀራል፤ ሊኑክስ ደግሞ ያንን ባዶ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ብሎ ነው የሚተረጉመው። የደንበኛ ፍላሽ ከፍቼ እዚያው ፎልደር ውስጥ ፕሮግራም ባስነሳ፣ ተንኮለኛ በተለመደ ስም ያስቀመጠው ላይብረሪ ሊጫን ይችላል። ከቫይረስ ሸሽቼ ኡቡንቱ ለገባሁት ሰውዬ ይህ ምን ይባላል?

ላለማዳላት፣ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ ጭራሽ አያስፈልግም አልልም። ልጅቷም ብላኛለች፦ ፎልደሩ ሲስተሙ ውስጥ ያሉትን ላይብረሪዎች አሮጌ ቅጂ የያዘ ከሆነ መዝገብ ውስጥ ማስገባቱ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ሊያውክ ይችላል፤ ያኔ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ማስነሻ ስክሪፕት (ትእዛዝ የተጻፈበት ትንሽ ፋይል) ጽፎ አድራሻውን እዚያ ውስጥ መስጠት ይሻላል። የኔው ስካነር የራሱን ብቻ ስለያዘ እዚያ አልደረስንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማረሚያ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ቦታ ከጠበባችሁ ፎርማት የምትለዋን ብቻ ሰርዙልን። ልጅቷን ለኅትመቱ አላስከፈልኳትም፤ 46 ገጽ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የፎቶ ኮፒ ሱቅ ባለቤት፣ ከቱሉ ዲምቱ