ካርቶኑን ማን ጻፈው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፊሊፒንሱ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ ካወጣችሁት ጽሑፍ ጋር የታተመውን ፎቶግራፍ፣ ጎንደር ፒያሳ ከወዳጆቼ ጋር ቡና እየጠጣን ደጋግመን ተመለከትነው። ራፊ ለርማ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ያነሣው ይህ ፎቶግራፍ፣ መንገድ ላይ የተቀመጠች ሴት የተገደለባትን የትዳር አጋሯን አቅፋ ያሳያል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ የስቅለቱን ሥዕል እያየን ላደግን ሰዎች ቀድሞ የሚታወሰን የእመቤታችን ኀዘን ነው፤ የወቅቱ የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ዱቴርቴም ከዚህ ጋር መመሳሰሉ ስላልተዋጠላቸው ይመስለኛል፣ በዚያው ሰሞን ለምክር ቤቱ ባሰሙት ንግግር የተሳለቁበት።

ቅሬታዬ ግን ከፎቶግራፉ ጋር ባወጣችሁት መግለጫ ላይ ነው። ከአስከሬኑ አጠገብ ያለውን የካርቶን ጽሑፍ «ዕፅ ሻጭ ነኝ» ብላችሁ ስትተረጉሙ፣ ካርቶኑን ትተው የሄዱት ገዳዮቹ እንደሆኑና ክሱን ያጣራ ፍርድ ቤት እንዳልነበረ አልገለጻችሁም። ከመካከላችን አንዱ «ሻጭ ከሆነማ ምን ይደረግ!» ብሎ ሲኒውን አነሣ። ሥዕሉ ያሳዘነውን ሰው፣ ጽሑፉ በአንድ አፍታ ከገዳዮቹ ጎን አሰለፈው።

በሜክሲኮም ወንበዴዎች ከአስከሬን ጋር መልእክት የሚተዉት ካሜራ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው፤ በርካታ የአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን በማርች 2011 ሳያውቁ የወንጀለኞች አፈ ቀላጤ ላለመሆን የተስማሙትም ስለዚህ ነበር። የፊሊፒንስ መንግሥት ራሱ በፖሊስ ዘመቻ መገደላቸውን ካመነው ከ6,000 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ እንኳ የላቸውም።

በሚቀጥለው እትም ካርቶኑ የማን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ መስመር እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር