ሒሳብ ለተወችው ልጄ

ልጄ፣

ወንድምሽ ሁሉንም ነገረኝ። ሒሳብ ትተሻል አሉ። ስልክሽ ላይ አንድ መጠይቅ ሞላሽ፣ «የቀኝ አንጎል ሰው ነሽ፣ ሥዕል እንጂ ቁጥር አይሆንሽም» አለሽ፣ አንቺም አመንሽው። «አንጎሌ ለዚህ አልተሠራም» አትበይ። እባክሽ አትበይ።

ሁለቱ የአንጎል ወገኖች ሥራ መከፋፈላቸው እውነት ነው። ግራው ቀኝ እጅሽን ያዛል፣ ቀኙ ግራሽን። ንግግር የብዙ ሰው በግራ በኩል ነው። ግን መሀላቸው እንደ ድልድይ የሚያገናኛቸው ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ክር አለ፤ ሲነጋገሩ ነው የሚውሉት። የአንጎል ተመራማሪው ሮጀር ስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል የተሸለመው፣ የሚጥል በሽታ ስላሠቃያቸው ይኼ ድልድይ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠላቸውን ሰዎች አጥንቶ ነው። ያንቺ አልተቆረጠም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1000 በላይ ሰዎችን አንጎል በምስል አይተው፣ «የቀኝ ሰው»፣ «የግራ ሰው» ለሚባለው ነገር ማስረጃ አላገኙም።

ይኼን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት በአባባ ምክንያት ነው። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ አታስታውሺም። ስትሮኩ የመታቸው በቀኝ አንጎላቸው ነው። ከዚያ በኋላ ከሳህናቸው የቀኙን ግማሽ በልተው ግራውን እንዳለ ይተዉታል። ጢማቸውንም በቀኝ በኩል ብቻ ይላጫሉ። እኔ ምግቤን የናቁት መስሎኝ አኮረፍኩ። አንድ ቀን በግራቸው ተቀምጬ ሳወራቸው ዝም አሉኝ። ጮህኩባቸው። «እኔን ማየት ካስጠላዎት ልሂድ» አልኩ። ድምፄን ሰምተው ወደ ቀኝ ዞረው ፈለጉኝ።

ዓይናቸው ደህና ነበር እኮ፤ ግራውን ልብ ማለት የተወው አንጎላቸው ነው። አንዲት ነርስ መጥታ ሳህኑን አዞረችላቸው። የቀረውን በሉት። ጠባይ ነው ብዬ የተቀየምኩት ጉዳት እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ይቅርታ ግን ሳልጠይቃቸው ሄዱ።

አባባ ግራቸውን በሕመም ነው ያጡት። አንቺ ጤነኛ ሆነሽ ግማሽሽን በገዛ እጅሽ ትጥያለሽ? በዚህ ተቆጥቻለሁ። ደግሞም ጥፋቱ የኔም ነው። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ «እሷ የሥዕል ልጅ ናት፣ ቁጥር አትወድም» እያልኩ ለሰው ሁሉ የማወራው እኔ ነበርኩ። አንቺም አጠገቤ ቆመሽ ትሰሚ ነበር። እኔ ያልኩትንም ቢሆን አትመኚው። «አልተሠራም» አትበይ።

ሰኞ ጠዋት መምህርሽን አነጋግሪያቸው። ማታ ስልኩን ከአልጋሽ አርቀሽ ተኚ፣ እንቅልፍ ሳይጠግብ ማንም ሒሳብ አይገባውም። እሑድ ስትመጪ ያቃተሽን ገጽ አጥፈሽ ደብተሩን ይዘሽ ነይ። ሥዕሎችሽንም አምጪልኝ፣ ናፍቀውኛል።

እናትሽ