ለዕቅድ፣ ምዘናና በጀት ቡድን አባላት በሙሉ

የተከበራችሁ አባላት፣

የበጀት ጥያቄ ከመሙላታችሁ በፊት የሠልጣኞቻችሁን የብቃት ምዘና ውጤት በየብቃት አሃዱ፣ ማለትም ሙያው በተከፋፈለባቸው የክህሎት ክፍሎች፣ ለዩ። «60 በመቶ አልፈዋል» የሚል ሪፖርት ለበጀት አይረዳም። የቀሩት በየትኛው አሃድ ወደቁ? ዕቃ አንሶ ነው ወይስ የልምምድ ሰዓት? ሰዓት ያነሰበትን ክፍል ዕቃ በመግዛት አናድነውም።

ለምሳሌ በብየዳ 25 ሠልጣኞች እያንዳንዳቸው 40 ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ቢያስፈልጋቸው 1,000 ይሆናል፤ ለብልሽት 10 በመቶ ሲታከል 1,100። ዋጋውን ከደብረ ብርሃን ገበያ ስትጠይቁ 15 በመቶው ቫት መካተቱን አረጋግጡ። ይህ ሲዘነጋ ገንዘቡ አንሶ ግዥው መሃል ላይ ይቆማል፤ የሚጎዳውም ሠልጣኙ ነው። ኤሌክትሮድ አላቂ ዕቃ፣ የብየዳ ማሽን ግን ቋሚ ንብረት ስለሆነ በአንድ የበጀት ርዕስ አትጠይቋቸው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግዥ ወደ ግንቦት ከተገፋ ዕቃው ከምዘናው በኋላ ይደርሳል፤ ሥራ ላይ ያልዋለው የመንግሥት ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ የግዥ ዕቅዱን ከምዘናው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ አውጡ።

የምዘና ውጤት ያልተያያዘበት የበጀት ጥያቄ ለውይይት አይቀርብም።