ከድምፅና ከመልክ በፊት ሥራው ይታይ

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

ስለ ሴት ስፖርት ጋዜጠኞች በተነሳ ቁጥር ወሬው ድምፅና መልክ ላይ ያርፋል። ሥራቸውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እንግሊዛዊቷ ጃኪ ኦትሊ ጉልበቷ ክፉኛ ተጎድቶ ኳስ መጫወት ሲቀርባት የቢሮ ሥራዋን ትታ ጋዜጠኝነት ተማረች። ከሬዲዮ ጀምራ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2007 ፉልሃምና ብላክበርን 1 ለ 1 የተለያዩበትን ጨዋታ የጨዋታዎችን ቅንጭብ ማታ ለሚያሳየው የቢቢሲ ፕሮግራም «ማች ኦፍ ዘ ዴይ» ስታስተላልፍ በፕሮግራሙ የመጀመሪያዋ ሴት ጨዋታ አስተላላፊ ሆነች። ገና አፏን ሳትከፍት ነበር ጋዜጦች የተንጫጩት።

ለቅንጭብ ፕሮግራም ጨዋታ ማስተላለፍ ከቀጥታ ስርጭት ይከብዳል ባይ ነኝ። የሚነገረው 90 ደቂቃ ሙሉ ነው፤ ማታ የሚታየው ተቆርጦ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ። «ሦስተኛ ኳስ ሳተ» ቢባልና የፊተኞቹ ሁለቱ ተቆርጠው ቢወጡ ተመልካች ግራ ይጋባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሙከራ ራሱን ችሎ መነገር አለበት። አስተላላፊው በእጁ የሚይዘው የከንፈር ማይክ ከላይኛው ከንፈር ጋር ተጠግቶ ይያዛል፤ ራቅ ካለ የደጋፊው ጩኸት ድምፁን ይውጠዋል። የማሊያው ትልቁ ቁጥር ከጀርባ ስለሆነ ፊት ለፊት የሚመጣውን በአሯሯጡ፣ በፀጉሩና በጫማው ቀለም መለየት የግድ ነው። ስም የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ የማዕዘን ምት ላይ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲተረማመሱ ነው። (ወንዱም ይሳሳታል፤ የሚዘመትበት ግን የለም።)

ጣቢያዎቻችን ለጀማሪዋ የስቱዲዮ ዜና ብቻ ከሚሰጧት የከፍተኛ ሊግ ጨዋታ ሙሉውን ታስተላልፍ፤ ከዚያ ከቪዲዮ አርታኢው ጎን ተቀምጣ የትኛው ዓረፍተ ነገሯ ከመቁረጡ እንደተረፈ ትይ።

ከአንድ የዘወትር አንባቢ