ሥራሽን እንዳትለቂ

ደሴ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አክስትሽ ትናንት መጥታ «አባቴን ላስታምም ሥራዬን ልለቅ ነው» ማለትሽን ነገረችኝ። ሥራሽን እንዳትለቂ። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት እጄ ሳይደክም ብዬ ነው።

ፊደሉ ተለቀ ብለሽ አትሳቂ። ይሄ ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ጽሑፍ ያሳንሳል፤ መስመሩ ሲያልቅ ፊደሌ ጉንዳን ያህል ነበር። መስመር ባለው ደብተር ላይ ሆን ብዬ አተልቄ፣ በየቃሉ እያረፍኩ እንድጽፍ ያሳየችኝ ያቺ ልጅ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ የታመመ ሰው የዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያግዘውን ሙያ የተማረችው፣ የእናትሽ ዘመድ። ቤት ስትመጣ ወጌሻ መስላኝ እግሬን ዘረጋሁላት። እሷ ግን «ራስዎ መሥራት ፈልገው ያቃተዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። ውዱእ ማድረግ፣ ሸሚዜን መቆለፍ፣ ሰው ፊት ሻይ መጠጣት አልኳት። ከዚያው ጀመርን።

አሁን ውዱእ የማደርገው መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ሻይ በከባድ ኩባያ ግማሽ ይቀዳልኛል፤ ክርኔን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ እጠጣለሁ። እግር የሚጠልፈው ትንሹ ምንጣፍ ተነስቷል፤ እናትሽ እስካሁን አኩርፋለች። በር ላይ ስደርስ እግሬ ወለሉ ላይ የሚተከልብኝ ነገር ደግሞ፣ ወንድምሽ ፕላስተር በአግድም በአግድም ለጠፈና መስመሩን እየተሻገርኩ አልፋለሁ። ነገሩ ገርሞኝ ያቺን ልጅ ጠየቅኳት። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ሲያንስ፣ ሳናስበው በልማድ የምንሠራው ነው የሚሰናከለው፤ ልብ ብለን ስንሠራው ይሻላል አለችኝ። ስለዚህ ስራመድ ወሬ አታምጪብኝ። ቁጭ ስል እናወራለን።

ለኢድ መጥተሽ ግን ምን አደረግሽ? አጎረስሽኝ፣ ሸሚዜን ቆለፍሽልኝ፣ ኩባያውን ከእጄ ወሰድሽ። አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው የኔ ዓለም፣ አውቃለሁ። ግን ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲጣደፍ እጄ ይብስበታል። አዝራሩ የፈለገውን ያህል ይፍጅብኝ፣ እኔ ልቆልፈው።

ፒያሳ ስፌት ያስተማሩኝን ሰውዬ ነግሬሻለሁ፤ መጨረሻቸውን ግን አልነገርኩሽም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰው መጠጥ ለምደዋል አለ። ጠላ እንኳ ቀምሰው አያውቁም! ፊታቸውም ደረቀ፤ ፈገግታቸው ጠፋ። ደንበኛው ኮሩ ብሎ ሸሸ። ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1817 እ.ኤ.አ. የጻፈውን በሽታ እኛ እዚህ መጠጥ አልነው። ልጃቸው ትምህርቱን ጥሎ ሱቁን ያዘ። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ክፋት የለውም። በር ላይ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው። መቀስ ሲያነሱ ይቀበላቸዋል፣ እንዳይቆረጡ ብሎ። መርፌ ሲያነሱ ይቀበላቸዋል። በኋላ ምንም ማንሳት ተዉ። ያን የመሰለ ካፖርት ይቆርጡ የነበሩ ሰው አላፊ አግዳሚ ሲያዩ ይውሉ ነበር። ልጁም ስፌቱን ሳይወደው ትምህርቱም አመለጠው። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ማንን እንደሚያናድደኝ እንኳ አላውቅም።

ሥራሽን እንዳትለቂ ብያለሁ!

ይልቅ ስሚ፣ ከመርካቶ የምትልኪልኝ አለ። ትልልቅ የካፖርት አዝራር፣ ደግሞ የልጆች ጫማ ላይ ያለውን ዓይነት ተጣባቂ በሜትር። ተጣባቂውን ከሥር፣ አዝራሩን ከላይ ለይምሰል አድርጌ ለጁምዓ የምለብሰውን ሸሚዝ ልሠራው ነው። ክሩን እናትሽ ታስገባልኛለች፣ መርገጡ የኔ ነው። ማንኪያም አትግዢ፤ እጀታው ላይ ጨርቅ ጠቅልዬበት በደንብ እይዘዋለሁ።

መድኃኒቱን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እውጣለሁ፤ ከሥጋና ከሽሮ ጋር ሲገባ እንደሚገባው አይሠራልኝም። ስለዚህ ስትመጪ «መጀመሪያ እህል ይቅመስ» እያልሽ ከእናትሽ ጋር አትጨቃጨቂ። ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ የጦሳ ነፋስ ጠዋት ጠዋት ያደርቀኛል። ፀሐይ ሲሞቀኝ ግን እፍታታለሁ። አብሽሪ።

ማታ አትደውዪ። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅብኝ ድምፄ ይወርድና «አባዬ አይሰማም» እያልሽ ታለቅሻለሽ። 4 ሰዓት ላይ ለሻይ ትወጡ የለ? ያኔ ደውዪልኝ።

አባትሽ